ጦጣ ባለቤቱን ታስወጣ፦ ልጆች ይዘን ሎጅ ልንሄድ ነው፣ ከአውሬ እንዴት እንጠንቀቅ?

የአያት ሰፈር እናት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ለዳግማይ ትንሳኤ ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ ልንል ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጄ፣ የ4 ዓመቷ ሴት ልጄና አማቴ። ቦታው በአምቦ መንገድ፣ ወጨጫ ተራራ ሥር ያለ ሎጅ ነው። ስሙን አልጠራም። ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ።

ጥቅምት ላይም እዚያው ነበርን። ቁርስ በረንዳ ላይ ይቀርባል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ግን የጽድ ዛፉና ጭጋጉ ያምራል። ልጄ ጨጨብሳዋን በማር ለውሳ እየበላች ሳለ አንዲት ጦጣ መጥታ የበረንዳው አጥር ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ጥቁር፣ ጅራቷ ረጅም። ሁላችንም ስልካችንን አወጣን። ጦጣዋ ጥርሷን ብልጭ አደረገች። ልጄ «ማሚ፣ ሳቀችልኝ!» አለችና እሷም ጥርሷን አሳየቻት።

ከዚያ የሆነውን በቅጡ አላየሁትም። ሳህኑ ተገለበጠ፣ ልጄ ጮኸች፣ ጦጣዋ ጨጨብሳውን አፍሳ ቆርቆሮው ላይ ወጣች። ባለቤቴ ወንበር አንስቶ ሲፎክር ሌሎች አራት መጡ። በቃ፣ ተነስተን ወደ ውስጥ ገባን። ጦጣ ባለቤቱን ታስወጣ ሲባል እሰማ ነበር፣ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። አስተናጋጁ «አይዟችሁ፣ ትለምዷቸዋላችሁ» አለን።

የልጄ ክንድ ላይ ጭረት ቀረ። ደም አልወጣውም፣ ቀይ መስመር ብቻ ነው። በሃይላንድ ውሃና በሶፍት ጠረግኩት። በሦስተኛው ቀን ጠፋ።

ማታ ደግሞ ሌላ ጉድ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ እራት በልተን ወደ ክፍላችን ስንሄድ መንገዱ መሃል ላይ መብራት የለም። ባለቤቴ በስልኩ እያበራ ይመራናል። መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ሁለት ዓይን አበራብን። ወንድ ልጄ ሊሮጥ ሲል ጥበቃው ከኋላችን «ቁሙ! እንዳትሮጡ!» ብሎ ጮኸ። ጅብ ነው። ትንሽ ቆሞ አየን፣ ከዚያ እያነከሰ ወደ ኩሽናው ጀርባ ሄደ። አማቴ እስከ ዛሬ «ያ ደህና ጅብ አይደለም» ይላሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባችኋል።

ታዲያ ምን ትሠሪ ተመልሰሽ ትሄጃለሽ ትሉኝ ይሆናል። ልጆቹ ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ የሚያወሩት ስለዚያች ጦጣ ነው። ቀብድም ከፍለናል፣ አይመለስም።

ጥያቄዎቼ፦ ጦጣዎቹን ምን እናድርጋቸው? ማታ ከእራት ወደ ክፍል እንዴት እንሂድ? አማቴ ደግሞ «የሎጅ ምግብ ምግብ አይደለም» ብለው ዶሮ ወጡን በድስቱ መኪና ላይ ሊጭኑ ወስነዋል። እሳቸውን ደፍሮ የሚነግርልኝ ሰው ካለ እከፍላለሁ።

ፒያሳ ነኝ፦

ሃሃሃ ባለቤትሽ በወንበር የፎከረባት ነገር ገደለችኝ። እህቴ አትጨናነቂ። ጅብ ሰው አይነካም። ሐረር ላይ ሰው በአፉ ሥጋ ይዞ ያበላው የለ እንዴ? እኛም ልጅ ሆነን ማታ ማታ ከእንጦጦ ሲወርድ ድምፁን እየሰማን ነው ያደግነው። አልበላንም፣ ይኸው አለን።

ወጨጫ 3385፦

ስሜ የተራራው ቁመት ነው፣ በሜትር። ከሥሩ ነው የተወለድኩት። እዚያው አካባቢ ሎጅ ውስጥ 8 ዓመት ሠርቻለሁ፣ መጀመሪያ አስተናጋጅ ሆኜ፣ በኋላ እንግዳ ደን ውስጥ እያዞርኩ። ስለዚህ «ትለምዷቸዋላችሁ» ያለሽን ልጅ አልፈርድበትም። እኔም ብዬዋለሁ። አለቃ ቆሞ እያየ ሌላ ምን ይባላል?

እህቴ፣ ሂዱ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ለልጅሽ ንገሪያት። ጦጣ ጥርሷን ስታሳይ አልሳቀችም። «ዞር በይ» ማለቷ ነው። ልጅሽ መልሳ ጥርሷን ስታሳያት «አልዞርም» ብላታለች። ዓይን ዓይኗን ማየትም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ከንፈር ግጥም፣ ዓይን ዝቅ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ። መሮጥ የለም፣ መጮህ የለም።

የሎጅ ጦጣ ከደን ጦጣ ጋር አንድ አይደለችም። የሎጇ የቁርስ ሰዓት ታውቃለች። ፌስታል ኮሽ ሲል ከየትም ትመጣለች። ስኳር በወረቀት የታሸገውን በጥርሷ ቀዳ ታፈሰዋለች። ማንን መፍራት እንዳለባትም ታውቃለች። ወንድ ቆሞ ከሆነ ትጠብቃለች፣ ልጅና ሴት ብቻ ከሆኑ ትወርዳለች። እኔን በዩኒፎርሜ ነበር የሚያውቁኝ፣ ወንጭፍ ኪሴ ውስጥ ስለነበር። አንድ የእረፍት ቀኔ የራሴን ሹራብ ለብሼ ሻይ ልጠጣ ብቀመጥ ዳቦዬን ከእጄ ወሰዱት። የሥራ ባልደረቦቼ ለአንድ ወር ሳቁብኝ።

እንዲህ ያደረግናቸው እኛ ነን። አንዱ እንግዳ ፎቶ ለመነሳት ሙዝ ይሰጣል። እሱ ፎቶውን ይዞ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት የሌላ ሰው ልጅ ሙዝ ሳይኖራት እጇን ትዘረጋለች፣ ጦጣዋም ትነክሳታለች። ፎቶ የሚያነሳው እንግዳ ጉርሻ ስለሚሰጥ ደግሞ ማንም አይከለክለውም። ይህን ስጽፍ ራሴን ነው የምወቅሰው፣ ያንን ጉርሻ በልቻለሁና።

አሁን ስለ አቀማመጥ። ቁርስ ከቻላችሁ ውስጥ ብሉ። በረንዳው ካማራችሁ ከአጥሩ ራቁ፣ ጀርባችሁን ለግድግዳው ስጡ፣ ልጆቹን በግድግዳውና በእናንተ መሃል አድርጓቸው። ልጅ ምግብ ይዞ አይዙር። ጦጣ የያዛችሁትን ነገር ከጨበጠች ልቀቁላት። ጨጨብሳ ነው፣ ሌላ ይመጣል። አብዛኛው ሰው የሚነከሰው ሲጓተት ነው። ግልገል ያዘለች እናት ካያችሁ ደግሞ በእሷና በመንጋው መሃል አትቁሙ።

ክፍላችሁ መስኮት ለአምስት ደቂቃም ቢሆን ክፍት አይቅር። ገብታ ካገኛችኋት በሩን ከፍታችሁ እናንተ ውጡ። መውጫ ያጣች ጦጣ ነው አደገኛዋ። አማትሽ የደም ግፊት ወይም የስኳር ኪኒን ካላቸው መሳቢያ ውስጥ ይግባ። አንዲት ሴትዮ ቦርሳቸውን አልጋ ላይ ትተው ሻወር ገቡ። ኪኒኖቹን ከጽዱ ሥር አንድ በአንድ ስንለቅም ዋልን።

ጉሬዛ ካያችሁ ግን ደስ ይበላችሁ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ጅራቱ እንደ ነጠላ ጥለት የሚወርደው። ቅጠል በል ነው፣ ከዛፉ አይወርድላችሁም፣ ጨጨብሳችሁንም አይፈልግም። ድኩላም ማለዳ ላይ ትወጣለች። ከሩቅ እዩአት፣ አትከቧት፣ ወንዱ ቀንድ አለው። ነብርም አለ። እኔ በ8 ዓመት ውስጥ ዱካውን እንጂ እሱን አላየሁም። ቢሆንም ልጆች ሲመሽና ሲነጋጋ ብቻቸውን ደን ጥግ አይጫወቱ።

«ጦጣ ባለቤቱን ታስወጣ» ያልሽው ግን አሳቀኝ። የዚያን ደን ጽድ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥቶ አስተከለ ይባላል፣ ያውም በ15ኛው መቶ ዘመን። ሎጁ መቼ ተሠራ? ከጦጣዎቹ ብንጠይቅ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሌላ መልስ ይሰጡን ነበር።

የሆለታ ልጅ፦

@ፒያሳ ነኝ፣ ወንድሜ፣ ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ሲባል አልሰማህም? የኋላ እግሩ ከፊቱ አጠር ስለሚል ነው የሚያነክስ የሚመስለው። የታመመ መስሎት ያዘነለት ሰው ዋጋውን ያገኛል።

የሐረሩ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ትውልድ ሲወርድ ሲዋረድ ሲያበሉት የኖሩ ሰዎች አሉ፣ ጅቡም ሰዎቹን በድምፃቸው ይለያል። የእኛ ሰፈር ጅብ ማንንም አያውቅም። ሰው ይፈራል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ትንሽ ልጅና ውጪ የተኛ ሰው ለእሱ ሰው አይመስለውም። አባቴ ከብት ሲጠብቅ ሜዳ ላይ መተኛት የከለከለን ለዚህ ነበር።

የእኛን ቤት አህያ የበላው በሁዳዴ ነው። ያኔ የአጋጣሚ መስሎኝ ነበር። በኋላ ትግራይ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አነበብኩ። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ ውስጡ ያለውን ፀጉር መረመሩ። በ55ቱ ቀን ጾም ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ አጥንት አይጣልም። የአህያ ፀጉር በጾሙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ጾሙን የምንጾመው እኛ፣ ዕዳውን የከፈለው አህያ!

እናንተ የምትሄዱት ደግሞ ከፋሲካ ማግስት ነው። አሁን ጅቡ አህያ አያሳድድም፣ አጥንት ያለበት ይሄዳል። ሎጅ ውስጥ አጥንት የት አለ? ኩሽና ጀርባ። ያንቺም ጅብ የሄደው ወደዚያ ነው። ስለዚህ ሳትሄዱ ደውላችሁ ቆሻሻው የት እንደሚጣል ጠይቁና ራቅ ያለ ክፍል ያዙ። ይህን የጠየቀ እንግዳ ያለ አይመስለኝም፣ ግን ከየትኛውም ጥያቄ ይበልጣል። የዶሮ ወጥ ድስትም መኪና ውስጥ አይደር። ጅብ ላስቲክና ቆዳ የሚያኝክ ፍጥረት ነው፣ የመኪና በር ላስቲክ ምኑ ነው? ጫማም በረንዳ ላይ አታሳድሩ። ጠዋት አንድ እግር ጫማ ይዞ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

ማታ የስልክ መብራት አይበቃም፣ እግርሽን ብቻ ነው የሚያሳይሽ። ደህና የእጅ ባትሪ ግዙና አርቃችሁ አብሩ፣ ዓይኑ ከሩቅ ያበራል። ጥበቃውን ጥሩት፣ አብሯችሁ ይሂድ፣ ሥራው ነው። ትንሿ ትታዘል ወይም እጇ ይያዝ፣ ትልቁም ቀድሞ አይሩጥ። ካያችሁት ቁሙ፣ አንድ ላይ ተጠጉ፣ ፊታችሁን ለእሱ ሰጥታችሁ በድምፅ ተቆጡት፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ። ያ ጥበቃ ያላችሁ ትክክል ነው። ሲገናኝ ጉርሻ ይገባዋል።

በነገራችን ላይ ከጅብ ትልቋ ሴቷ ናት፣ መንጋውንም የምትገዛው እሷ። ለአማትሽ ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸው ይሆናል።

አዱ ገነት፦

ምን አስጨነቃችሁ፣ ቢሾፍቱ ሂዱ። ሐይቅ፣ ዓሣ፣ ሙዚቃ። ወይ ሶደሬ።

ወጨጫ 3385፦

@አዱ ገነት፣ ሶደሬ ጦጣ የለም ያለህ ማነው? የወጨጫዎቹ ከሶደሬዎቹ ገና ብዙ ይማራሉ።

ነጭ ጋውን፦

ነርስ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ሁላችሁም ስለ ጅቡ ታወራላችሁ። እኔን የያዘኝ ያ ጭረት ነው።

የኔ እህት፣ ልቆጣሽ አይደለም፣ ግን ያንን ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነበረባችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ነው እንጂ የውሻ ብቻ አይደለም። ጦጣም፣ ጅብም፣ ድመትም ሊይዙት ይችላሉ። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚያስተላልፈው ውሻ ነው፣ ከጦጣ መያዝ ብርቅ ነው። ግን ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ «ብርቅ ነው» ብለን አናልፈውም። ደም ያልወጣው ጭረትም ክትባት ያስፈልገዋል። ደም ከወጣ ደግሞ ከክትባቱ ሌላ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት አለ።

«አሁን እኮ ስድስት ወር ሆነው» ትይኝ ይሆናል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ይታያል፣ ስለዚህ አትደንግጪ። ዓመት የሚቆይበት ጊዜ ግን አለ። «ጊዜው አልፏል» ብሎ ክትባት መተው የለም። ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ታሪኩን እንደነገርሽን ንገሪያቸው፣ ሐኪሙ ይወስን። ከተጀመረ በአንድ መርፌ አያልቅም። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛው ቀን እያለ ይቀጥላል፣ ስንት እንደሚሆን እዚያው ይነግሩሻል። መሃል ላይ አታቋርጪ።

ለወደፊቱ ደግሞ፣ የነከሰም የቧጨረም ነገር ቢኖር ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ፣ ሙሉ 15 ደቂቃ። ሳሙናው ብቻውን ብዙ ሥራ ይሠራል። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የቡና ዱቄት አይነካው። ጸበል የሚወስድ ይውሰድ፣ እኔም እወስዳለሁ፣ ግን ሳሙናው ይቅደም፣ ክትባቱም አይቅር። ድሮ ውሻ የነከሰው ሰው «ፓስተር ውሰዱት» ይባል ነበር። ፓስተር ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። የድሮ ሰዎች እንኳ ሳይውሉ ሳያድሩ ይሄዱ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሎጅ አካባቢ ጅራቱን እየቆላ የሚመጣ ባለቤት የሌለው ቡችላ አይጠፋም። ልጆች ከጦጣዋ ይልቅ እሱን ነው የሚያቅፉት። እኔ እናት ብሆን ከሁሉም በላይ እሱን እጠብቅ ነበር።

የአያት ሰፈር እናት፦

@ነጭ ጋውን፣ ያንቺን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ሌሎቻችሁን በኋላ አመሰግናለሁ።

የአያት ሰፈር እናት፦

ተመልሰናል። የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልንገራችሁ።

ረቡዕ ጠዋት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ታሪኩን ሰምቶ ክትባቱን አስጀመራት። 3ኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ወደቀ። እና ቅዳሜ በማለዳ መርፌዋን ተወግታ፣ ከረሜላዋን በልታ፣ ከጤና ጣቢያው በር ላይ ቀጥታ ወደ አምቦ መንገድ። ባለቤቴ «ጦጣዋን ለማየት መርፌ ከፍለን ገባን» እያለ ሲስቅ ነበር። ቀጣዩ ነገ ረቡዕ ነው።

ቀድሜ ደውዬ ቆሻሻ የት ነው የምትጥሉት ስላቸው ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ «ቆይ አንዴ» ብላ ሰው ጠየቀች። ጉድጓዱ ባለፈው ያደርንበት ክፍል ጀርባ ኖሯል! ወደ ላይኛው ክፍል አዛወሩን። ደረጃ ስላለው አማቴ አጉረመረሙ፣ ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ከሁላችንም ቀድመው ወጡ።

ዶሮውን በተመለከተ የደፈረ አልነበረም። እኔም አልደፈርኩም። ባለቤቴ ግን መንገድ ላይ መናገሻ የምትባለው ከተማ ስንደርስ መኪናውን ጥግ አስይዞ «እማዬ፣ ራበኝ» አለ። እሳቸው ልጃቸው ራበኝ ካለ ምን ይላሉ? እዚያው መኪና ውስጥ፣ እንጀራው ጭናችን ላይ ተዘርግቶ፣ ዶሮው ከነእንቁላሉ አለቀ። ድስቱን ሎጁ ኩሽና አሳጠብነው። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ብልህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጅብ በዓይናችን አላየንም። ሌሊት ድምፁን ሰማን፣ ከሩቅ። ወንድ ልጄ ባትሪውን ታቅፎ ነው ያደረው። ጥበቃው ያው የጥቅምቱ ሰውዬ ነው፣ አስታወሰን። ማታ ማታ እስከ በራችን ሸኘን።

ጦጣዎቹ መጡ። ቁርስ ውስጥ ሆነን በመስታወት ነው ያየናቸው። ከፊታችን ጠረጴዛ የነበረ ጎልማሳ በረንዳው ላይ ሙዝ ሲልጥ ሳይ ተነስቼ ልነግረው ፈልጌ ነበር። አማቴ ቀደሙኝ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፣ ሙዙን ግን ራሱ በላው።

ልጄ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዋለች። «ወጨጫ 3385» ያልከውን ስነግራት ከምር ወስዳዋለች። በረንዳ ላይ ቢሆን፣ ደን ውስጥ ቢሆን፣ ጉሬዛ ስናይ እንኳ አፏን አልከፈተችም። ቤት ገብተን ፎቶዎቹን ስናይ ሁለት ቀን ሙሉ ካነሳናት ውስጥ ጥርሷ የሚታይበት አንድም የለም። አንዱ ላይ ብቻ ጉንጮቿ አብጠው፣ ሳቋን ልትይዝ እየታገለች፣ ከጀርባዋ ጽዱ ላይ ጦጣዋ ተቀምጣ ታያታለች።